በቅጹ ላይ የቀሩት ሁለት ሳጥኖች

ባምጎል፣ ማርች 4 ቀን 2023

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ለሚኖረው ለታክ ዩንጄ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የታይናን ሙቀትስ ገና ከአሁኑ ጀመረ? እኛ ከእኔ ጉልበትና ከባለቤቴ ጆሮ በስተቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት። ዛሬ ለንጋት ጸሎት ከመጋቢው ቀድማ ደርሳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ሰውየው በራሱ ቤተ ክርስቲያን አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

ሶን ማልሱን የሚለው ስም ማንንም ካላስታወሰህ አትፈር፤ ማንንም አያስታውስም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የታክ ዎንሺክ ሚስት ነኝ። የባለቤቴ አያትና የአንተ ቅድመ አያት ወንድማማቾች ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት በአባትህ ለቅሶ ላይ አይተኸኛል። ባለቤቴ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የእሱን ጽሕፈት የምሠራው እኔ ነኝ።

ስልክ ያልደወልኩት ንቄህ አይደለም። ባለቤቴ ስለማይሰማ ስልኩ የሚጮኸው ለሰፈሩ በሙሉ ነው። በዘመዶቻችን የስልክ ቡድን ውስጥ መጻፉን ደግሞ ትቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት ለሐኪም ልልከው የነበረውን የጉልበቴን ፎቶ ሰማንያ አራት ሰው ላለበት ቡድን ልኬው አሥራ ሰባቱ «አሜን» ብለው መልሰውልኛል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቤተ ክርስቲያናችን መቶ ዓመት ሞልቷታል። እርግጥ የሞላት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ወረርሽኙ አላስከብር ስላለን ዘንድሮም መቶ ነው ብለን ተስማምተናል። ለበዓሉ የመሥራቹና የወንድሞቹ ዘር በሙሉ የሚመዘገብበት የቤተሰብ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። ቅጹን አያይዤ ልኬልሃለሁ። አምስት ሳጥን አለው፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን። ስምህንና የተወለድክበትን ቀን እኔው ሞልቼልሃለሁ። ልጆች የሚለውም ለጊዜው ግልጽ ነው። የቀሩት ሁለት ሳጥኖች ናቸው።

ስለ መጽሐፉ አንድ ወሬ ልንገርህና ልጨርስ። በ1988ቱ መጽሐፍ ላይ ሚስቶች በስም አልተጻፍንም። እኔ «ከሚርያንግ ሶኖች» ተብዬ ነው ያለሁት። የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ላይ እንደሚጻፈው ማለት ነው፤ ከየት እንደመጣ እንጂ ማን እንደሆነ አይልም። ዘንድሮ ግን ሙሉ ስማችን ይገባል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከእሑድ ምሳ በኋላ ነው፤ ምሳውን የምናበስለው ደግሞ እኛ ነን። ሦስት እሑድ በስማችን ጠርተው ላልጠየቁን ሾርባ አልጨመርንም። በሦስተኛው እሑድ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌ ማንግዩ ባዶ ሳህኑን ይዞ «እሺ፣ ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አብስዬለታለሁ።

ማንግዩ ሠላሳ ዓመት የግብር መሥሪያ ቤት ስለሠራ ማኅተም የሌለውን ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጥረውም። ቅጹ የቤቱን ታላቅ ሰው ማኅተም ይፈልጋል። አባትህ ስላረፈ ማኅተሙ የእናትህ ነው። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ አድርሰው።

መውጫ መግቢያህን ጌታ ይጠብቅ።

ሶን ማልሱን


ታይናን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2023

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለሶን ማልሱን፤

እንደምን ከረሙ? የጋሼ ዎንሺክስ እጅ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ እናቴ ስለ እኔ ለሚጠይቋት ሁሉ ይህንን ምክንያት ስድስት ዓመት ስለተጠቀመችበት አልቆ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ስምዎን አስታውሰዋለሁ። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ከግቢያችሁ ዛፍ ላይ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። መንገዱን በሙሉ እየዘመሩ ነበር፤ እኔን ለማጽናናት ይሁን ጩኸቴን ላለመስማት እስካሁን አላወቅኩም።

ቅጹን መልሼ ልኬዋለሁ። ሁለቱን ሳጥኖች አልሞላኋቸውም። የምተዳደረው የማሽን መመሪያ በመተርጎም ነው፤ የውሃ ፓምፕ፣ የልብስ ስፌት፣ ባለፈው ወር ደግሞ የኑድል መቁረጫ። በመመሪያዎቹ ውስጥ ባዶ ገጽ ሲኖር «ይህ ገጽ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው» ተብሎ ይጻፍበታል። አንባቢው የጎደለ ነገር ያለ መስሎት እንዳይጨነቅ ነው። ለማንግዩም እንደዚያ ሊነግሩት ይችላሉ።

ለእናቴ ሰላምታ ይንገሩልኝ።

በአክብሮት፣
ዩንጄ


ባምጎል፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2023

ለዩንጄ፤

በሰላም ነህ? እኛ ደህና ነን፤ ዝናብ ዘግይቶብን ነበር፣ ከትናንት ጀምሮ ይዘንባል።

ቅጽህን መልሼ ልኬልሃለሁ። ባዶውን ለማንግዩ አሳየሁት። «ባዶ አይቻልም» አለ። «ሆን ተብሎ ነው» አልኩት። «ሆን ተብሎማ ከሆነ የባሰ ነው» አለ። ባዶ የመጡትን ቅጾች ኮሚቴው ራሱ ይሞላቸዋል። የአንተን «ያላገባ» እና «ባምጎል ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሊሞሉት ነው። ሁለቱም ውሸት መሆኑን ስለማውቅ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ።

ከየት አወቅሽ እንዳትለኝ። በአባትህ ለቅሶ ላይ አንድ ከዚያው ከታይዋን፣ ከታይናን የመጣ ጓደኛ ነበረህ። ቋንቋችንን አይችልም፤ እኛ ሴቶቹ ጋ መጥቶ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ልጄ፣ ጓደኛ የመጀመሪያውን ቀን ያጥባል። በሁለተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ ይሰናበታል። በሦስተኛው ቀን ማጠቢያው ጋ የሚቀረው አማች ብቻ ነው። እኛ አምስት ነበርን፤ አምስታችንም አየን፤ አንዳችንም አላወራንም። በባምጎል ታሪክ አምስት ሴት ያየችው ነገር ሳይወራ አራት ዓመት ሲቆይ የመጀመሪያው ነው።

እናትህ እንደምታውቅም አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። በአሮጌው አጻጻፍ ሚስት ማለት የቤተሰብ ስምና አገር ብቻ ነው። የሰውየው ቤተሰብ ስም ሹ አይደል? «ከታይናን ሹዎች» ብለህ ብትጽፍ ማን ይጠይቅሃል? ሴት ይሁን ወንድ፣ ረጅም ይሁን አጭር፣ በዚያ መስመር ውስጥ የሚያሳይ ነገር የለም። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ጠባብ ነው እንጂ ዝናብ አያስገባም።

ለዚህ ግን መጽሐፉ በሙሉ ወደ አሮጌው አጻጻፍ መመለስ አለበት፤ የሁሉም ሚስቶች ሙሉ ስም ገብቶ የአንተው ብቻ በአገር ከተጻፈ ያስጠይቃል። እኔ «ይቅርብን፣ እንደ ድሮው ይሁን» ካልኳቸው ደስ ብሏቸው ይመልሱታል። ለመጽሐፍ ብዬ አልሞትም፤ ስሜን የሚፈልገው ሰው የለም። አስብበት።

ማልሱን


ታይናን፣ ሜይ 18 ቀን 2023

ይድረስ ለአክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። «ከታይናን ሹዎች» ብዬ በቀለም ጻፍኩ። ለሰውየው፣ ለቦካይ፣ አሳየሁት። ሳቀና «የአያቴ ስም በእኛ ቤት መዝገብም እንደዚህ ነው፤ ደህና ጎረቤት አገኘሁ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ግን ቅጹን ፖስታ ውስጥ ላስገባ ስል የእርስዎ ፊርማ ታየኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ስምዎ ሙሉውን ተጽፏል፤ በሁለተኛው «ማልሱን» ብቻ ነው። በሦስተኛው ምን ሊቀር እንደሆነ አሰብኩና ቅጹን ቀደድኩት።

አክስቴ፣ ሦስት እሑድ ሾርባ ከልክለው ያገኙትን ስም ለእኔ መደበቂያ ብለው እንዲመልሱ አልፈልግም። እኔ ልደበቅ ስል የባምጎል ሴቶች በሙሉ ጆንያ ውስጥ መግባት የለባቸውም። አዲስ ቅጽ ሞልቻለሁ። የትዳር ጓደኛ፦ ሹ ቦካይ፣ ወንድ፣ በ1979 የተወለደ፣ የዓሣ ሐኪም። የዚህ አገር ሕግ ከውጭ አገር ሰው ጋር ለተጣመሩ ለእኛ ዓይነቶቹ በጃንዋሪ ሲከፈት በወሩ መጨረሻ ተመዝግበናል። ቀለበት አልገዛንም፤ እሱ ቀኑን ሙሉ እጁ ኩሬ ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በሚለው «የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። እግዚአብሔርን ተጣልቼው አይደለም፤ ለመጣላት ሁለት ያስፈልጋል። ቦካይን ከማወቄ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው ያለቀው። በውትድርና ጊዜ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። አንድ እሑድ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ዜማውን እያወጣሁ ቃሉን ግን እያልኩት እንዳልሆነ አስተዋልኩ። የሰማ አልነበረም። ዜማው ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጎደለብኝም፤ ይህን ለሰው መናገር ነው እንጂ የከበደኝ።

የቀረው ማኅተሙ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለእናቴ በስልክ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። «በልተሃል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የደረቀ ዓሣ ትልካለች፤ ስልክ ስንነጋገር ስለ ዓሣው ነው። ይህን ቅጽ አትሚልኝ ብዬ ልጠይቃት አልችልም። ያለ ማኅተም ደግሞ አልገባም። ስለዚህ ለእርስዎ ልኬዋለሁ። ባታትመውም አልቀየማትም ይበሉልኝ። ይህ ግን እውነት አይደለም፤ ይከፋኛል።

አክባሪዎ፣
ዩንጄ


ባምጎል፣ ጁላይ 11 ቀን 2023

ለዩንጄ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? ባልህም እንዴት ነው ልል አስቤ ብዕሬ አልታዘዘኝም፤ ሰውየው እንዴት ነው? የዘገየሁት ነጭ ሽንኩርት ስንነቅል ስለነበረ ነው። ይህ የምክንያቴ ግማሽ ነው።

እናትህ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቅጹን አንብባ ከሩዝ ማሰሮው ሥር ሸጎጠችውና ስለ ዝናብ አወራን። ሁለተኛ ስሄድ ሽንኩርቱን ለማድረቅ ጣሪያው ሥር እያሰርን ነበር። ድንገት፣

«ለዓሣም ሐኪም አለው?» አለችኝ።

«ያለው ይመስለኛል።»

«መታመሙን በምን ያውቃል? አይናገር፣ አያቃስት።»

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ ልጅሽ መታመሙን በስልክ በምን ታውቂያለሽ?»

«በድምፁ ነዋ።»

«ድምፁ አሁን እንዴት ነው?»

አንድ ዘለላ ሽንኩርት አስራ ሰቀለች። «ስድስት ዓመት ሆነው ደህና ከሆነ» አለች። «ያ ነው የሚያናድደኝ።»

በሦስተኛው ቀን ቅጹ ከማሰሮው ሥር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ማኅተሙም አጠገቡ። በልቤ ተመስገን አልኩ። እሷ ግን ጣቷን በመጨረሻው ሳጥን ላይ አሳረፈች።

«ሰውየውን ተይው» አለች። «ሰውየው ለባሌ ለቅሶ ሦስት ቀን ቆሟል፤ የባሌ የገዛ ወንድም በሁለተኛው ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ሰውየውንስ እውጠዋለሁ፣ አጥንቱን እያወጣሁ። ይህን ‹የለም› ግን ምን ላድርገው? እኔ ሞቼ እዚያ ደርሼ ልጄን ስጠራው፣ ‹የለም› ብለው ሊመልሱልኝ ነው። በዚህ ዓለም ታይናን ነው ያለው፣ እሺ፤ አውሮፕላን አለ። እዚያስ?»

ሃምሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል ሳልይዝ ተመልሻለሁ።

በመጨረሻ የነገረችኝ ይህ ነው፦ «የለም» የሚለውን አጥፍተህ «ባምጎል ቤተ ክርስቲያን» ብለህ ከጻፍክ፣ ሰውየውን በስሙ ከነወንድነቱ ታትምልሃለች። ለማንግዩም እሷው ትመልስለታለች። አንድ ቃል ብቻ ነው የምትለምንህ። ልጄ፣ እኔ ብሆን እጽፈው ነበር። ግን እኔ «ከሚርያንግ ሶኖች» ተብዬም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምክሬን በዚያ መጠን ያዘው።

ሶን ማልሱን


ታይናን፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2023

ይድረስ ለአክስቴ ለሶን ማልሱን፤

ሰላምዎ ይብዛ። ጋሼም ይበርቱ። ሰውየው ደህና ነው፤ ሰላምታዎን ሳደርስለት «ባልህ» የሚለውን ለመጻፍ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል አለኝ። ከመቶኛ ዓመት በዓሉ በፊት አይሆንም አልኩት።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ያቺን አንድ ቃል ይዤ ተቀመጥኩ። ቦካይ «ጻፈው፣ ምን ያስከፍልሃል?» ነው የሚለው። የእሱ እናት ሃይማኖት የሚጠይቀው ነገር እንደ እኛ አይደለም። እኔን ቤት ልታስገባ ስትል ቤተ መቅደስ ሄዳ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች ጥላ አማልክቱን ጠየቀች። እንጨቶቹ ሁለት ጊዜ እንቢ አሉ። «አልሰሙኝም ይሆናል» ብላ ሦስተኛ ጣለች፤ እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስሜን በቤተ መቅደሱ የጸሎት መብራት ላይ ታስጽፋለች፤ አምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ለእሷ ያ የእኔ ጉዳይ ሳይሆን የመብራቱ ጉዳይ ነው። የእኔ እናት ግን የምትጠይቀው እኔን ነው። ለዚህ አከብራታለሁ፤ ለዚህም ነው ያልቀለለኝ።

ለእሷ ብቻዋን ልጽፍላት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱም «ደህና ነሽ? በልተሻል?» ላይ አለቁ። ዘር ከልጓም ይስባል። እባክዎ ቀጥሎ ያለውን ያንብቡላት፦

እማዬ፤ ቃሏን ብለውጣት ለማንግዩ መዋሸት ነው፤ ያ ምንም አይደለም። ግን ቅጹን የምታነቢው አንቺ ነሽ። በየንጋቱ ተነስተሽ በብርድ የምትሄጂው ለእኔ ከሆነ፣ ለማን እንደምትሄጂ ማወቅ አለብሽ። ባምጎል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መዝሙር ለሚያወጣ ልጅ የምትጸልዪ ከሆነ፣ ያ ልጅ እኔ አይደለሁም። እኔ እዚህ ነኝ፤ አላምንም፤ ከቦካይ ጋር እኖራለሁ፤ ደህና ነኝ። ከጸለይሽ ለዚህኛው ጸልዪ። እዚያኛው ዓለም ስላልሽው ነገር የምነግርሽ የለኝም። ቢኖረኝ አልደብቅሽም ነበር።

አክስቴ፣ ማኅተሙ ካልተገኘ ከመጽሐፉ ያውጡኝ። ግን መጽሐፍ ኖረም አልኖረም በኖቬምበር፣ የክረምቱ ኪምቺ፣ በጨውና በበርበሬ የሚቀመጠው ጎመን፣ ሲዘጋጅ፣ ሁለታችንም እንመጣለን። እናቴ ቤት ባታስገባን ከተማ እናድራለን፤ ጎመን ለማጠብ ግን ቀን ቀን እንመጣለን።

ዩንጄ


ባምጎል፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2023

ይድረስ ለታክ ዩንጄና ለቤተሰቡ፤

ሁላችሁም እንደምን ናችሁ? ከቤቱ ራስ ጀምሮ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ የትኛችሁ እንደሆነ ስላላወቅኩ በጅምላ ጠየቅኩ።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ወረቀቱን ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ከዚያ ተነስታ ውሻዋን ልታበላ ወጣች። ውሻው ገና ከሩብ ሰዓት በፊት በልቶ ነበር፤ ግን እሱም አልተቃወመም።

ከዚያ ወር ሙሉ ሄደ። የመከር በዓል አለፈ። ባለፈው እሑድ ኮሚቴው የመጨረሻ ስብሰባውን በመመገቢያው አዳራሽ ሲያደርግ እናትህ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ቅጹን ይዛ ገባች። ሽማግሌዎቹ ሰባት ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እጄ ለመጻፍ እንጂ ለማውጣት አልተፈቀደም።

ማንግዩ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። «የትዳር ጓደኛ፦ ሹ ቦካይ፣ ወንድ…» ሲል ድምፁ ወረደ። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቀጠለና «ቤተ ክርስቲያን፦ የለም» አለ። ያኔ አዳራሹ ተናወጠ። ለመጀመሪያው ቃል ያጡትን ጩኸት ሁሉ ለሁለተኛው አዋሉት።

«በመሥራቹ ዘር ‹የለም› ተብሎ ይጻፋል?» አለ አንዱ።

«ለልጅ ልጆቻችን ምን ልንላቸው ነው?»

እናትህ ቆማ ሰማቻቸው። «ሽማግሌ ማንግዩ» አለች፣ «የቡሳኑ ልጅህ በምን ተጻፈ?»

«ዲያቆን ተብሎ። ምን ሆነ?»

«መቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄደው?»

«ሥራ ይበዛበታል።»

«የኔም ይበዛበት ነበር፤ ስድስት ዓመት እንደዚያ ብያለሁ። የገባው ቅጽ ስንት ነው?» ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አልኩ። «‹የለም› ያለው ስንት ነው?» «አንድ» አልኩ። «እንግዲህ» አለች፣ «ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንዱ የኔ ልጅ እውነቱን ጽፏል። የሰንበት ትምህርት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አትዋሽ የሚለውን ክፍል በደንብ ያዘ፤ ሌላው አልያዘለትም። እኔ ምን ላድርግ?»

ማንግዩ ክፉ ሰው አይደለም። ላብ እየጠረገ መላ አመጣ፤ የኔኑ መላ። «እንዲህ እናድርግ፤ ሚስቶችን ወደ አሮጌው አጻጻፍ እንመልስና ‹ከታይናን ሹዎች› እንበል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም» አለ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ብዕሬን ይዤ ወለሉን አየሁ።

«እኔ በአሮጌው መጽሐፍ ከየት ነኝ?» አለች እናትህ።

«ከናምፒዮንግ ሙኖች» አለ ማንግዩ።

«ስሜ ሙን ኦክዳን ነው። ልጄ የጻፈውም የሰው ስም ነው። ወይ እንዳለ ይግባ በሉ፣ ወይ መልሱልኝ።»

አርባ ዓመት «የዩንጄ እናት» እያልኳት ጎረቤቴ ናት። ስሟን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለሁለት፤ አይገባም ተባለ። ከሁለቱ አንዱ ባለቤቴ ነው። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ሲያወጣ ማንግዩ «ይህ ድምፅ ነው ወይስ ሕመም?» ብሎ በጆሮው ጮኾ ጠየቀው። «ድምፅ ነው» አለ። ሁለተኛው ሰው አንድ ልጅ ብቻ ያለው ነው፤ ልጁ ከቤት ከወጣ ስምንት ዓመት አልፎታል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ስምህና የተወለድክበት ቀን ይኖራል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው፤ ለማንግዩ በመጨረሻ ባዶውም ተቻለ። የሴቶቹ ስም ግን በሙሉ ይገባል፤ ያንን ለመመለስ ማንም ድጋሚ አፉን አልከፈተም። እናትህ ማንግዩ የመለሰላትን ቅጽ ተቀብላ አልወጣችም። እዚያው የምሳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ከቦርሳዋ ማኅተሙንና ቀለሙን አውጥታ፣ ሁሉም እያዩ መታችው። ማንግዩ «እኮ አሁን ለምን ይሆናል?» አላት። «ለአንተ አይደለም» አለችው። ቅጹን በዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኘዋለህ።

የኪምቺው ቀን ኖቬምበር 25 ነው። መቶ ሃያ ራስ ጎመን ነው። የምታድሩት እናትህ ጋ ነው፤ ብርድ ልብስ አጥባለች። ከከተማ ወደዚህ የነበረው የከሰዓት አውቶቡስ ስለቀረ ማንግዩ በጭነት መኪናው ሊያመጣችሁ ነው። እንዴት ሆኖ እንዳትለኝ፤ ድምፁ ለመጽሐፉ ነው፣ መኪናው ሌላ ጉዳይ ነው ይላል። ከፊት የሚያስቀምጠው ሁለት ሰው ነው፤ ጨውም ስለሚጭን ሰውየው ወፍራም ይሁን ቀጭን ጻፍልኝ ብሎኛል።

በደህና ያገናኘን።

ሶን ማልሱን

ከዚህ በታች ያለው የእናትህ ጽሕፈት ነው፤ አላነበብኩትም።

ዩንጄ፤ አትሜዋለሁ። ጫፉ ላይ ቀለሙ ትንሽ ተዛብቷል። እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም፤ ማኅተሙ አርጅቶ ነው። እናትህ።